ስክሮል የሚደረግ የፒዲኤፍ ማሳያ ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

በብራውዘር ላይ የሰነድ ማሳያ ስትሠሩ፣ አጭር ፋይል ላይ ሁሉም ነገር ያምራል። ጣጣው የሚመጣው ባለ 300 ገጹ ሲከፈት ነው።

ችግር፦ ብራውዘሩ ይንቀራፈፋል፤ ስልክ ላይ ጭራሽ ታቡ ራሱ ይዘጋል።

ምክንያቱ ሁሉንም ገጽ በአንዴ መሳል ነው። እስቲ እናስላው። የኤፎር ገጽ በፒዲኤፍ መለኪያ 595 በ842 ነጥብ ነው። የስክሪኑ የፒክስል ሬሾ (አንድ የድረ ገጽ ፒክስል በየጎኑ የሚይዘው የስክሪን ፒክስል ብዛት) 2 ከሆነ ካንቫሱ፣ ማለትም ገጹ የሚሳልበት የብራውዘር ሸራ፣ 1190 በ1684 ፒክስል ይሆናል። አንዱ ፒክስል 4 ባይት ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ገጽ 8 ሜጋባይት ገደማ፣ 300 ገጽ ደግሞ 2.4 ጊጋባይት ይበላል። ዙሙ 200 በመቶ ሲሆን ይህ በአራት ይባዛል።

መፍትሄው፦ ለሁሉም ገጽ ባዶ ቦታ ያዙ። የምትስሉት ግን የሚታየውንና ከላይና ከታች ያሉትን አንድ ሁለት ገጾች ብቻ ይሁን። የቀረበውን ገጽ ለመለየት ኢንተርሴክሽን ኦብዘርቨር (አንድ ነገር ወደሚታየው ክፍል ሲገባና ሲወጣ የሚያሳውቅ የብራውዘር መሣሪያ) ይበቃል። ሩት ማርጂኑን፣ ማለትም በሚታየው ክፍል ዙሪያ የሚጨመረውን ህዳግ፣ ሰፋ አድርጉት፤ አለዚያ ተጠቃሚው ነጭ ገጽ እያየ ይጠብቃል። ገጹ ሲርቅ የካንቫሱን ስፋትና ቁመት 0 አድርጉ። በተለይ ሳፋሪ ላይ ይህን አትዝለሉት፤ ሜሞሪው ቶሎ ላይለቀቅ ይችላል።

ችግር፦ ስክሮል ሲደረግ ገጹ ይዘላል።

ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ገጽ ቁመት ለሁሉም ተሰጥቶ ነው። መሃል ላይ ወደ ጎን የተጋደመ የሠንጠረዥ ገጽ ሲመጣ ቁመቱ 842 ሳይሆን 595 ነው። በአንድ ገጽ 247 ነጥብ ተሳሳታችሁ ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ገጾች አሥር ከሆኑ አንባቢው የት እንዳለ ይጠፋዋል። የየገጹን ልክ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ልኩን ለማወቅ መሳል አያስፈልግም። ይህን ሥራ ለነገ ባታሳድሩት ጥሩ ነው፤ «ወደ ገጽ 120 ሂድ» የሚለው ቁልፍም በዚሁ ልክ ላይ ነው የሚቆመው።

ችግር፦ ፊደሉ ደብዛዛ ነው።

የካንቫሱን ስፋትና ቁመት በፒክስል ሬሾው አባዙ፤ በሲኤስኤስ (የድረ ገጽን መልክ በሚወስነው ቋንቋ) የሚታየው መጠን ግን እንዳለ ይቆይ። ዙሙ ሲበዛ ገጹ ባዶ ከሆነ ደግሞ ካንቫሱ ከብራውዘሩ ጣሪያ አልፏል። ጣሪያ አብጁለት፤ ከዚያ በላይ ያለውን በሲኤስኤስ ለጥጡት።

ችግር፦ ቶሎ ቶሎ ዙም ሲደረግ ሥዕሉ ይደራረባል።

የበፊቱ ሥዕል ሳያልቅ አዲሱ ተጀምሯል። አሮጌውን ሰርዙ፣ መሰረዙን ጠብቁ፣ ከዚያ ሳሉ።