ሪቪትና ሉሚየን የሚሸከም ላፕቶፕ እንዴት ይገዛል?

የአርክቴክቸር ተማሪዎች ላፕቶፕ ሊገዙ ሲሉ ይደውሉልኛል። ጥያቄያቸው ሁሌም «ኮር አይ 7 ነው፣ ልግዛው?» ነው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ ምን ልትሠራበት ነው?

አውቶካድ ላይ ፕላን ብቻ ለሚስል ብዙ ወጪ አያስፈልግም። አውቶካድ አብዛኛውን ሥራ በአንድ ኮር (በአንዱ የፕሮሰሰሩ ክፍል) ስለሚሠራ ፈጣን ፕሮሰሰርና ኤስኤስዲ (ፈጣን የፋይል ማከማቻ) ይበቃዋል። ሕንፃውን በ3ዲ የምትሠሩበት ሪቪት ግን ራም (ጊዜያዊ ሜሞሪ) ይበላል፤ ከ16 ጊጋ በታች አትግዙ። የዲዛይኑን ምስልና ቪዲዮ የሚያወጣው ሉሚየን ከተጨመረ ደግሞ ዋናው ነገር ግራፊክስ ካርዱ ነው። 6 ጊጋ የራሱ ሜሞሪ ያለው፣ ለምሳሌ የላፕቶፕ አርቲኤክስ 3060፣ ቢሆን እመርጣለሁ። ማክ ለምትወዱ፦ ሪቪትም የ3ዲ ሶፍትዌሩ ስሪዲኤስ ማክስም የተሠሩት ለዊንዶውስ ነው።

«አይ 7» የሚለው ስቲከር አያታላችሁ። ከፕሮሰሰሩ ቁጥር መጨረሻ ያለችውን ፊደል እዩ። «ዩ» ባትሪ ለመቆጠብ ነው፤ «ኤች» ለከባድ ሥራ። አይ 7-8550ዩ 4 ኮር ነው ያለው፤ አይ 5-11400ኤች ግን 6።

አሁን ሱቅ ገብታችኋል እንበል፤ መገናኛም ይሁን ቦሌ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ ውስጥ ጂፒዩ (ግራፊክስ ካርዱ) የሚለውን ንኩ። «ግራፊክሱ 8 ጊጋ ነው» ተብላችሁ ከሆነ እዚህ ይጣራል። ዴዲኬትድ የሚለው የካርዱ የራሱ ነው። ሼርድ የሚለው ከራሙ የሚበደረው ነው፤ እሱን አትቁጠሩት። ሜሞሪ ላይ ደግሞ ስንት የራም ስሎት እንደተያዘ ይታያል። ከ2ቱ 1 ክፍት ከሆነ ጥሩ ነው፤ ነገ ትጨምሩበታላችሁ።

ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ብሌንደር የሚባለውን የ3ዲ ሶፍትዌር በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ነፃ ነው፤ የዚፕ ፋይሉን ፈታችሁ ከያዛችሁ ሳይጫን ይሠራል። ከበድ ያለ ፋይል ብሌንደር ውስጥ ባለው ሳይክልስ፣ በሲፒዩ (በፕሮሰሰሩ) ሬንደር አድርጉና፣ ማለትም ወደ ምስል ቀይሩና ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ። እስከዚያው ታስክ ማናጀር ላይ የሲፒዩውን ፍጥነት ተከታተሉ። ትንሽ መውረዱ ያለ ነው። «ኤች» ሆኖ ከ4 ጊጋኸርዝ ተነስቶ ከ2 በታች ወርዶ ከቀረ ግን ሙቀት አልቻለም ማለት ነው። ፋኑ በአቧራ ተዘግቶ ወይም ሙቀት የሚያስተላልፈው ፔስት ደርቆ ይሆናል። ይጸዳል፤ ግን ሻጩ አጽድቶ በድጋሚ ያሳያችሁ፣ ከዚያ ክፈሉ። ይሄን ያህል መቆየታችሁ የማይመቸው ሻጭ አለ። አትፈሩ፤ የያዛችሁት የቤተሰብ ብር ነው።

ቻርጀሩንም ገልብጡና ዋቱን አንብቡ። ግራፊክስ ካርድ ያለው ማሽን በደካማ ቻርጀር ቢነሳም ፍጥነቱን ይቀንሳል። በባትሪ ሲሆንም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ፕሮጀክት ማስረከቢያ ሲደርስ ሬንደሩን መብራት ባለበት ሰዓት ጨርሱት።

ብር ካጠረ ከኤስኤስዲው መጠን ቀንሱ፤ 256 ጊጋውን ይዛችሁ በኋላ ትቀይሩታላችሁ። ከግራፊክስ ካርዱ ግን አትቀንሱ። ላፕቶፕ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ በኋላ ልቀይረው ብትሉ አይሆንም።