ከደሴ ወደ ዛንዚባር፦ ለጓደኛ ሰርግ አራት ቀን

ጓደኛዬ ጥር ላይ ዛንዚባር ስታገባ ጉዞውን ያቀድኩት ደሴ ቁጭ ብዬ ነው። ወሩ ጥሩ ነው፤ ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው የሚወርደው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በበረራችሁ ቀን መንገድ አትጀምሩ። እኔ ከኮምቦልቻ በረርኩ።

የቢጫ ወባ ክትባት ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ተከተቡ። ለዛንዚባር የግዴታ ኢንሹራንስ 44 ዶላር ያዙ። ቆሎውን በፌስታል እንዳትቋጥሩ! ታንዛኒያ ፌስታል ከልክላለች። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ያዙ፤ ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፣ ለወሎ ሰው ይሄ አዲስ አይደለም።

ዋናው ጣጣ ሰዓቱ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደኛው ከንጋት ጀምረው ይቆጥራሉ። «ሳ ናኔ» የኛው ስምንት ሰዓት ነው። የአውሮፕላን ትኬት ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው። መጥሪያው ላይ «8» ብቻ ካያችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። እኔ በፈረንጅ መስሎኝ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በሐበሻ ቀሚስ ተሽሞንሙኜ ደረስኩ። አዳራሹ ውስጥ ወንበር የሚደረድር ልጅ ብቻ ነበር። ስድስት ሰዓት ሙሉ አብሬው ደረደርኩ።