ልጅ ይበላል እንጂ አይጋትም

ይህን የምጽፈው የሕፃናት ማቆያ ላላችሁና ሞግዚት ሆናችሁ ለምትሠሩ ነው። እኔ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ባለ ትንሽ ማቆያ ውስጥ እሠራለሁ። አዲስ ሠራተኛ ስትመጣ መጀመሪያ የማሳያት ምን እንደምናበላ ሳይሆን እንዴት እንደምናበላ ነው።

ማጋት ክልክል ነው። ልጁን አጋድሞ አጥሚት በእፍኝ ማንቆርቆር ብዙዎቻችን ያደግንበት ነገር ነው፤ እናቶቻችንም ያደረጉት ከስስት የተነሳ ነው። ግን የሚያለቅስ ልጅ አየር ይስባል። ያኔ አፉ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ትን ይለዋል፣ ሳንባው ውስጥም ሊገባ ይችላል።

ስለዚህ ልጁ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። እናንተም ፊት ለፊቱ ቁጭ በሉ። ማንኪያውን ከንፈሩ ጋ አድርሱና ጠብቁ፤ አፉን ሲከፍት ስጡት። ፊቱን ካዞረ ወይም ምግቡን በምላሱ ከገፋው ትንሽ አሳርፉትና እንደገና ሞክሩ። አሁንም እንቢ ካለ ሳህኑን አንሱ። ማታ እናቱ «በላልኝ?» ስትል «ግማሹን በልቷል» ማለት ነውር አይደለም። ሳህኑን ባዶ ለማሳየት ተብሎ ልጅ አይጨነቅም።

6 ወር ላልሞላው የጡት ወተት ይበቃዋል፣ ውሃም አያስፈልገውም። እናቱ ጡቷን አልባ ወተቱን ስታመጣ ጡጦው ላይ ስሙን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ሲሞቅ ሙቅ ውሃ ውስጥ በማስቀመጥ እንጂ በማይክሮዌቭ አይደለም፤ ማይክሮዌቭ አንዱን ጎን ብቻ አፍልቶ አፉን ያቃጥለዋል። ጠጥቶ የተረፈው ለማታ አይቀመጥም።

ከ6 ወር በኋላ ወፈር ያለ ምግብ ስጡ። ገንፎው ከማንኪያ ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ ቀጥኗል፤ ሆዱን በውሃ ይሞላዋል እንጂ አያጠግበውም። በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ ምስር ክክ፣ ድንችና ካሮት ፍጭት አድርጋችሁ ጨምሩበት። አቮካዶ ስኳር አይፈልግም። ማር ደግሞ ዓመት ላልሞላው ልጅ ጠብታም ቢሆን አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ሻይ በዳቦ የብዙ ቤት ቁርስ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሻይ ከምግቡ የሚገኘውን አይረን ሰውነት በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል። በሻይ ፋንታ ውሃ ስጡ።

በጾም ወቅት ከምሳ ዕቃው ውስጥ እንቁላልና ወተት ይጠፋል። ይህን ልጁ ሲመዘገብ አንስታችሁ ከወላጅ ጋር ተነጋገሩበት። ሕፃን ጾም አይገደድም፤ ብዙ እናቶች ሲነገራቸው ደስ ብሏቸው ይቀበላሉ። አይሆንም ካሉም አክብሩና ሽሮውን ወፈር፣ ምስሩን በርከት አድርጉለት።

አሁን ወደ ጉሮሮ። ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ፈንዲሻ፣ ከረሜላ፣ ጥሬ ካሮትና ያልተቆረጠ ወይን ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። እኔን የሚያስፈራኝ የልደት ቀን ነው። ወላጅ በደስታ ኬክና ፈንዲሻ ይዞ ይመጣል፣ ልጆቹ እየሮጡ ያፍሳሉ። እኛ ጋ ኬኩ ይቆረሳል፣ ፈንዲሻው ከነላስቲኩ ወደ ቤት ይመለሳል። ቅሬታ ቢመጣም በዚህ አንደራደርም። የሚበላ ልጅ ደግሞ ይቀመጣል፤ እየሮጠ የሚበላ የለም።

ልጅ ታንቆ ማሳል፣ ማልቀስ ካቃተው፦ ዓመት ያልሞላውን ክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኙት፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጋችሁ ደግፉት። በመዳፋችሁ ጀርባውን በትከሻዎቹ መሃል 5 ጊዜ ምቱት። ካልወጣ በጀርባው ገልብጡት፣ በሁለት ጣት የደረቱን መሃል 5 ጊዜ ተጫኑ። እስኪወጣ እያፈራረቃችሁ ድገሙት። የማይታያችሁን ነገር በጣት አትፈልጉ፣ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። ሌላ ሰው አምቡላንስ ይጥራ፤ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው። ይህን በአሻንጉሊት ተለማመዱት፤ ማንበብ ብቻውን አይበቃም።

የበሰለ ምግብ ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። ጠዋት የመጣ ምሳ ዕቃ ወዲያው ፍሪጅ ይግባ፣ ሲበላም እንፋሎቱ እስኪወጣ ይሙቅ። ውሃ በፈረቃ በሆነበት ሰፈር ባለ ቧንቧ ባልዲ ያስፈልጋል። አንድ ሳፋ ውስጥ ሁሉም እጁን ነከር ካደረገ ታጠበ አይባልም።

በረኪና በውሃ ፕላስቲክ አይቀመጥ። ልጅ የሚያውቀው ፕላስቲኩን ነው፣ አንስቶ ይጠጣዋል። በራሱ ዕቃ ተቆልፎበት ይቀመጥ። ከጠጣ አታስመልሱት፣ ወደ ሕክምና ሩጡ። ቡናም ልጆች ባሉበት ክፍል አይፈላ፤ ጀበናውም ከሰሉም አደጋ ናቸው። ከተቃጠለ የጥርስ ሳሙና ሳይሆን የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ፣ ከዚያ ሐኪም።