የወረዳ ጤና ዕቅድ አዘገጃጀትና ክትትል

አገራዊ የጤና ዕቅድ የሚጸድቀው አዲስ አበባ ቢሆንም የሚፈጸመው በወረዳ ነው። «አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት» በሚለው መርሕ መሠረት የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የአጋር ድርጅቶችን ሥራና ገንዘብ ጭምር በአንድ ሰነድ ማካተት ይጠበቅበታል።

ከዒላማ በፊት የሕዝቡን ቁጥር ያጣሩ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. በመሆኑ እጃችን ላይ ያለው አኃዝ ትንበያ ነው። አንድ ጤና ጣቢያ 25,000 ሕዝብ አለው ተብሎ፣ የነፍሰ ጡሮች ድርሻም በ3.4 በመቶ ቢሰላ፣ በዓመት 850 እናቶች ይጠበቃሉ። ነዋሪው 30,000 ከሆነ ግን የሚጠበቁት 1,020 ናቸው፤ ስለዚህ ጤና ጣቢያው 850 እናቶችን አገልግሎ «መቶ በመቶ አሳክቻለሁ» ሲል 170 እናቶች ከነጭራሹ አልታቀደላቸውም ማለት ነው። ትንበያውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከያዙት የቤተሰብ ማኅደር (የየቤተሰቡ አባላትና የጤና መረጃ የሚመዘገብበት ሰነድ) ጋር በየቀበሌው ማመሳከር ይህን ክፍተት ያሳያል።

ቀጥሎ ያለፈው ዓመት አፈጻጸም ይፈተሽ። የቅድመ ወሊድ ክትትል መዝገቡን አውጥተው የአንድ ወር የመጀመሪያ ጉብኝቶችን ረድፍ በረድፍ ይቁጠሩና ወደ ዲ ኤች አይ ኤስ 2 (የጤና ሪፖርት የሚሰበሰብበት የኮምፒዩተር ሥርዓት) ከገባው ቁጥር ጋር ያስተያዩ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ይሁንና ሁለቱ ካልገጠሙ በዚያ ላይ የሚጣል ዒላማ ሁሉ ግምት ብቻ ይሆናል። ልዩነቱ የት እንደተፈጠረ ሳይታወቅ ባለሙያውን መውቀስ ደግሞ ቀጣዩን ሪፖርት ይበልጥ ያሳምረዋል እንጂ አያስተካክለውም።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የበጀት ጣሪያው አስቀድሞ ይታወቅ፤ ደመወዝ፣ ሥራ ማስኬጃና የጤና ጣቢያው የውስጥ ገቢም ለየብቻ ይቀመጡ። የውስጥ ገቢ በሕግ የተፈቀደው ለተጨማሪነት ስለሆነ የመንግሥትን በጀት መቀነሻ ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ዕቅዱ ከጸደቀ በኋላ የጤና ጣቢያው የሥራ አመራር ቦርድ ትልቁ የክትትል መሣሪያ ቃለ ጉባኤ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚከሰትን የደም መፍሰስ የሚከላከለው መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲን፣ ቢያጥር «የኦክሲቶሲን እጥረት ትኩረት ይሰጠው» የሚል ውሳኔ ማንንም አያስጠይቅም። «የፋርማሲ ኃላፊው እስከ ጥቅምት 10 የግዢ ጥያቄውን ያቀርባል» የሚል ግን ያስጠይቃል፤ በቀጣዩ ስብሰባ የመጀመሪያው አጀንዳም ይኸው ዓረፍተ ነገር ተነቦ «ቀርቧል ወይስ አልቀረበም?» ተብሎ መጠየቅ ይሁን።