የቆየ ሊድ ጊታር ከባህር ዳር ሲላክ፦ ችግሮቹና መፍትሄዎቻቸው

ካርቶኑ ጭረት እንኳ ሳይነካው ይደርስና ሲከፈት ጊታሩ ተሰብሮ ይገኛል። ተቀባይ ሹፌሩን ይወቅሳል፣ ላኪ ረዳቱን። እኔ ግን አብዛኛው ጥፋት እዚሁ ባህር ዳር፣ ቤት ውስጥ ሲታሸግ የተሠራ ነው ባይ ነኝ። ካርቶን ውስጥ መላወሻ ያገኘ ጊታር ከውጭ ማንም ሳይነካው ራሱን ይሰብራል። ከታች ያለው ጊታሩ ደርሶ ሲከፈት ከሚታየው ምልክት እየተነሳ ምክንያቱንና መፍትሄውን ይናገራል።

ጭንቅላቱ ከአንገቱ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ተሰንጥቋል ወይም ተገንጥሏል

የዚህ ችግር ዋና ተጠቂዎች ጊብሰን የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጊታሮችና በእነሱ አምሳል የተሠሩት ናቸው። ሌስ ፖል የተባለው የጊብሰን ጊታር ጭንቅላት ወደ ኋላ 17 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው። አንገቱ ከወጥ ማሆጋኒ ስለሚጠረብ፣ ማዘንበል በሚጀምርበት ቦታ የእንጨቱ መስመር ይቆራረጣል። እዚያው ላይ ደግሞ አንገቱን የሚያቀናው የውስጥ ብረት፣ ትረስ ሮዱ፣ የሚጠብቅበት ጉድጓድ ተቆፍሯል። ስድስቱ ክሮች በሙሉ ቅኝት ሲወጠሩ ተደምረው 45 ኪሎ ያህል ይስባሉ፤ ግማሽ ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። ጊታሩ የተኛበት መያዣ፣ ኬዙ፣ በጀርባው ዱብ ሲል የጊታሩ አካል ይቆማል፣ መቃኛ የተሸከመው ጭንቅላት ግን ወደ ታች መሄዱን አያቆምም። ቀጭ ይላል።

ሌላው የአሜሪካ ጊታር፣ ፌንደር፣ በዚህ በኩል ይሻላል። ጭንቅላቱ አላዘነበለም፣ አንገቱ ሜፕል የሚባል እንጨት ነው፣ ከአካሉ ጋር የተያያዘውም ብዙውን ጊዜ በአራት ብሎን ነው። ፌንደር የሚልክ ሰው ቢያንስ አንገቱን ፈትቶ ለብቻው የመጠቅለል ዕድል አለው። አንገቱ በኮላ የተጣበቀ ጊታር ላይ ይህ አይታሰብም።

መከላከያው እንዲህ ነው። ክሮቹን አንድ ወይም ሁለት ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርጉ፤ ጨርሳችሁ አትፍቷቸው፣ ምክንያቱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ጊታሩን ጠንካራ ኬዝ ውስጥ አስተኙትና እጃችሁን ከአንገቱ ሥር አስገቡ። ኬዙ አንገቱን የሚደግፈው ከአካሉ አጠገብ ብቻ ከሆነ፣ ጭንቅላቱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚጓዘው። የታጠፈ ጨርቅ ከአንገቱ ሥር፣ ከመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች (አንገቱን የሚያቋርጡት ቀጫጭን ብረቶች) ጀርባ አድርጉ። የጭንቅላቱ ጫፍና ጀርባ ግን የኬዙን ግድግዳም ወለልም መንካት የለበትም፤ ክብደቱ አንገቱ ላይ ይረፍ። ከዚያ በአካሉ ግራና ቀኝ ያለውን ክፍተት በጨርቅ ሙሉ። ኬዙን ዘግታችሁ አቁሙትና ቀስ እያላችሁ ወደ አራቱም አቅጣጫ አዘንብሉት። ውስጡ አንዳች ነገር ቢንቀሳቀስ ወይም ቢያንኳኳ ክፈቱና እንደገና አሽጉ። በዚሁ እግረ መንገድ የኬዙን ኪስ ባዶ አድርጉት፤ እዚያ የተረሳ ካፖ (አንገቱ ላይ የሚታሰር የክር መጫኛ) ጉዞውን ሙሉ ሲደበድበው ይከርማል።

ኬዙ ብቻውን አይበቃም። ከኬዙ በየአቅጣጫው ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ወፍራም ካርቶን ያስፈልጋል። ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የሚገኝ የትልቅ ቴሌቪዥን ካርቶን ለዚህ ይሆናል። ክፍተቱን በጥብቅ በተጨማደደ ወረቀት ሙሉት፣ በተለይ በጭንቅላቱ በኩል። ጭድ የሚጠቀም ሰው አይቻለሁ፤ ብናኙ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ፒክአፕ ውስጥ ይገባል፣ እርጥበትም ይይዛል። ከጣና ዳር የመጣ እርጥብ ደንገልም ያው ነው።

መንገዱን ደግሞ አስቡት። ወደ አዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደጀን አባይ በረሃ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ተወርዶ፣ ያንኑ ያህል ወደ ጎሃ ጽዮን ይወጣል፤ ኩርባው ሁሉ ጣራ ላይ ያለውን ዕቃ ያንገላታል። ረዳቱ «ጋሼ ምንም አይሆን፣ ላይ አስረን እናደርሰዋለን» ቢላችሁ አትስሙት። አብሮት የሚሄድ ሰው ካለ ለጊታሩ ወንበር ግዙለት። መንገድ ላይ ፍተሻ ስላለም ካርቶኑ የሚከፈትበትን አፍ በእስክሪብቶ ጻፉበት፣ አንድ ጥቅል ፕላስተርም ውስጡ አስቀምጡ። ፈታሹ ከፍቶ ሲያበቃ የሚዘጋበት ካላገኘ ካርቶኑ አፉን ከፍቶ ነው የሚቀጥለው።

ተሰብሮ ከደረሰ መጀመሪያ ክሮቹን ሙሉ በሙሉ አላሉ። ፎቶ አንሱ። ስንጥቁን እየከፈታችሁና እየዘጋችሁ አትሞክሩት፤ ጫፎቹ ከተበሉ አይገጥሙም። የወደቀች ስንጣሪ ሁሉ ትለቀም። ሱፐር ግሉ ፈጽሞ አይነካው። የእንጨት ኮላ የገባው፣ በማጥበቂያ የታሰረና ሌሊቱን ያደረ ንጹህ ስብራት ዳግም እዚያ ቦታ ላይ የሚሰበረው አልፎ አልፎ ነው፤ ሱፐር ግሉ የነካውን ግን ባለሙያም ይቸገርበታል። ጊታሩ መጫወቱ ይመለሳል፣ የሽያጭ ዋጋው ግን ግማሽ ያህል ሊወርድ ይችላል።

ቀለሙ ላይ ክብ ክብ ምልክት ወጥቷል፣ ወይም እንደ ጸጉር የቀጠነ ስንጥቅ ታየ

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠሩ የአሜሪካ ጊታሮች በብዛት የተቀቡት ናይትሮሴሉሎስ በሚባል ላከር ነው። ይህ ቀለም በስልሳ ዓመቱም ቢሆን ፕላስቲክ አይወድም። አየር የተሞላበት ፕላስቲክ በቀጥታ ተጠቅልሎበት ሙቀት ላይ ከቆየ፣ የእያንዳንዷ ፊኛ ክብ ቀለሙ ላይ ታትማ ትቀራለች። ስፖንጅና የፕላስቲክ ማንገቻም ያጣብቁታል። መፍትሄው ቤታችሁ ውስጥ አለ፦ ታጥቦ የለሰለሰ ነጠላ ወይም ጋቢ። ጥጥ ቀለሙን አይጎዳውም፣ እርጥበትም አያፍንም። ጥበቡ ግን ወደ ውጭ ይዙር፣ የወርቅ ክሩ ይፍቃል። ፕላስቲክ ከፈለጋችሁ ከካርቶኑ ውጭ ይሁን፤ በክረምት እንዲያውም ግዴታ ነው፣ በአውቶቡስ ጣራ ከሄደ ሸራ ብቻ ዝናብ አያስቆምም።

የጸጉር ስንጥቁ ምክንያት ሌላ ነው፦ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ። ጊታሩ ከባህር ዳር ሙቀት ተነስቶ በብርዱ ወራት አውሮፓ ሲደርስ እንጨቱም ቀለሙም በብርድ ይኮማተራሉ። ተቀባዩ ጓጉቶ ሞቃት ክፍል ውስጥ ኬዙን ወዲያው ሲከፍት እንጨቱና ቀለሙ እኩል አይሰፉም፣ ቀለሙም ይሰነጠቃል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ለ24 ሰዓት አትክፈቱ» ብላችሁ ጻፉ፣ በስልክም ንገሩ። የተሰነጠቀ ቀለም አይመለስም፤ የሚያስከፋም አይደለም፣ ሰብሳቢዎች እንደ ዕድሜ ምልክት ይወዱታል። አትቀቡት።

ሳይሰበር ደርሶ ክሮቹ ፍሬት ላይ ይንጫጫሉ፣ ወይም ከፍሬቱ በጣም ርቀዋል

ይህን ያየ ሰው ጊታሩ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። ክሮቹ ሙሉ በሙሉ ከተፈቱ ትረስ ሮዱ ብቻውን ይስብና አንገቱን ወደ ኋላ ያጎብጠዋል፤ ክሮቹን ጨርሳችሁ አትፍቱ ያልኩት ለዚህ ነው። እርጥበትም የራሱ ድርሻ አለው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው እርጥበት የጣት ሰሌዳው ሲያብጥ አንገቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ በየካቲትና መጋቢት ድርቀት ደግሞ ወደ ፊት ይጎብጣል፤ የፍሬቶቹ ጫፍም እጅ መቧጨር ይጀምራል። ለጊታር የሚመቸው እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው።

መጀመሪያ ወደ ቅኝቱ መልሱትና ሁለት ቀን ተዉት። ካልተስተካከለ ወፍራሙን ክር በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫኑትና ሰባተኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት እዩ። የቢዝነስ ካርድ ያህል ካለ ደህና ነው። ክፍተቱ ከበዛ ትረስ ሮዱን ወደ ቀኝ፣ ክሩ ፍሬቱን ከነካ ወደ ግራ፣ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር ሳታልፉ አዙሩ። የቆየ ብረት ነውና ከጠነከረባችሁ ቁሙ፤ ትረስ ሮድ መቁረጥ ከጩኸቱ የባሰ ጣጣ ነው። ብዙዎቹ የእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ፌንደሮች ደግሞ የሚስተካከሉት በአንገቱ እግር በኩል ስለሆነ አንገቱን መፍታት ይጠይቃሉ።

ደረቱ ተቧጭሯል

ክሮቹ ተፈተው ነበር ማለት ነው። የጊብሰን ብሪጅ (ክሮቹ ደረቱ ላይ የሚያርፉበት ብረት) እና የክር ማሰሪያው የሚያዙት በክሮቹ ውጥረት ብቻ ስለሆነ ይወድቃሉ። ክሩ መውጣት ግድ ከሆነ ሁለቱንም አንሱና በጨርቅ ጠቅልላችሁ ለብቻ ላኩ። ድምፅ ለማወዛወዝ የሚያዘው ብረት፣ የትሬሞሎ ክንዱም፣ ይነቀል።

ድምፅ የለም

ፒክአፑ ተቃጠለ ከማለታችሁ በፊት ገመዱን ቀይሩ። ከዚያ ገመዱ የሚሰካበትን የጃኩን ዳዶ በእጃችሁ ሞክሩ፤ በመንቀጥቀጥ ላልቶ ውስጡ ሲዞር ሽቦውን ይበጥሳል። አምፑን ዝቅ አድርጋችሁ የፒክአፑን ብረት በካቻቢቴ ነካ ብታደርጉት «ጧ» ካለ ፒክአፑ ሕያው ነው፣ ችግሩ ክሩ ላይ ወይም ቁመቱ ላይ ነው። ዝም ካለ ማብሪያና ማጥፊያውንና የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹን፣ ፖቶቹን፣ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ወዲያ ወዲህ አድርጉ፤ ዝገቱ ይለቃል። ብየዳው ላይ ግን አትቸኩሉ። ያልተነካ የፋብሪካ ብየዳና በፖቶቹ ጀርባ ያለው የምርት ቁጥር የጊታሩን ዕድሜ የሚያስመሰክሩ ናቸው። ከመላኩ በፊት ፎቶ አንሷቸው፣ ዕቃ ቢቀየር ያስታውቃል።

ጉምሩክ ላይ ተይዟል

ሁለት ምክንያቶች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው ሳጥኑ ነው። አናጺ ጠርታችሁ በባህር ዛፍ ጣውላ ጠንካራ ሳጥን ብታሠሩ ለአገር ውስጥ ግሩም ነው፤ ወደ ውጭ ግን ወጥ እንጨት ውስጡ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ለ30 ደቂቃ ካልታከመና ማኅተም ካልተመታበት ብዙ አገሮች አያስገቡትም። ኮምፔርሳቶ ከዚህ ነፃ ነውና እሱን ተጠቀሙ። ጭድ ያለበትን ዕቃ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ይከለክላሉ።

ሁለተኛው የጣት ሰሌዳው ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩ ብዙ ጊብሰኖችና ፌንደሮች የጣት ሰሌዳቸው የብራዚል ሮዝውድ ነው። ይህ ዛፍ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሲቲስ ስምምነት ጥብቅ በሆነው አንደኛ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ለሙዚቃ መሣሪያዎች የተሰጠ ነፃነት ሌሎቹን የሮዝውድ ዓይነቶች እንጂ ይህን አይመለከትም። ስለዚህ ጊታሩ ከድንበር ሊያልፍ ከሆነ የሲቲስ ፈቃዱ ካርቶን ከመፈለጋችሁ በፊት መጠየቅ አለበት። ከማመልከቻው ጋር የጣት ሰሌዳውን ፎቶ፣ የመለያ ቁጥሩንና ዕድሜውን የሚያሳይ ማስረጃ አያይዙ። የዋጋ ዝርዝሩ ላይ እውነተኛውን ዋጋ ጻፉ፤ ቀረጥ ለመቀነስ ዝቅ አድርጎ የጻፈ ሰው ጊታሩ ቢሰበር ኢንሹራንስ የሚከፍለውም ያንኑ ዝቅ ያለውን ነው።