ሴንሰር ኮንክሪት ውስጥ ስንቀብር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደሴ ላይ ሶሌታ (የወለል ኮንክሪት) ከሞላን ሦስተኛ ቀናችን ነበር። ፎርማኑ ጠርዙን በመዶሻ መታ መታ አደረገና አዳመጠ። "አብሽር፣ ይዟል" አለኝ። ጆሮው የሚታመን ሰው ነው። እኔ ደግሞ ፌሮው ላይ ያሰርነውን ሴንሰር በስልኬ አነበብኩት። ሌሊቱን ኮንክሪቱ 11 ዲግሪ ድረስ ወርዶ ነበር። ኮንክሪት በብርድ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ ስለዚህ ድጋፉን ሳናነሳ ቆየን።

ገመድ አልባ ሴንሰር እንዲህ ባለ ቀን ነው የሚክሰው። የሚክሰው ግን በአግባቡ ሲቀበርና በአግባቡ ሲነበብ ነው።

ትልቁ ስህተት፣ ሴንሰሩ ጥንካሬን ይለካል ብሎ ማመን ነው። አይለካም። የሚለካው ሙቀትን ነው፤ ጥንካሬው የሚሰላው ከሙቀቱና ከሰዓቱ ነው። በቀላሉ እንየው። ኮምቦልቻ ላይ ኮንክሪቱ በአማካይ 20 ዲግሪ ሆኖ 7 ቀን ቢቆይ፣ ሲባዛ 140 ይመጣል። ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። እዚያ አማካዩ 14 ዲግሪ ቢሆን 140 ለመድረስ 10 ቀን ይፈጃል። ያው ሲሚንቶ፣ ያው ጠጠር፣ የሦስት ቀን ልዩነት!

ይህ ስሌት የሚሠራው ለዚያው ድብልቅ ብቻ ነው። አስቀድሞ ከዚያው ድብልቅ ኪዩብ (የሙከራ ናሙና) ተሞልቶ በ1፣ በ3፣ በ7፣ በ14 እና በ28 ቀን መሰበር አለበት። እኛ ጋ ሲሚንቶ እንደተገኘ ነው የሚገዛው። ትናንት ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ)፣ ዛሬ ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት)። ፒፒሲ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ ስልኩ ግን የሚያሰላው በድሮው ድብልቅ ነው። ሚክሰሩ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ቢጨመርም ሴንሰሩ አያውቅም። እባካችሁ፣ ሴንሰር አለን ብላችሁ ኪዩቡን አትተዉ።

ሁለተኛው፣ አርቆ መቅበር። እርጥብ ኮንክሪት የሬዲዮ ሞገድን ይውጣል፤ ጥቅጥቅ ያለ ፌሮም ይጋርደዋል። ጫፉ በገመድ የሚረዝም ዓይነት ከሆነ፣ ለኪው ጫፍ መሃል ይግባ፣ ሳጥኑ ግን ከላይኛው ገጽ ከ5 ሴንቲሜትር ባይርቅ ይሻላል። ቫይብሬተርም ጠላቱ ነው። ሳጥኑን ከፌሮው በላይ ሳይሆን በጎኑ ወይም ከሥሩ እሰሩት፤ ቦታውን በቀለም አመልክቱና ለቫይብሬተር ያዡ በቃል ንገሩት። አንዴ ይህን ረስቼ ሁለት ሴንሰር ሙሌቱ ሳያልቅ ዝም አሉብኝ።

የኮንክሪቱን መርዘምና ማጠር የሚለካው የመለጠጥ ሴንሰር ከሆነ ደግሞ ሙቀቱን ሳያዩ መደንገጥ አለ። ኮንክሪት በአንድ ዲግሪ በየሜትሩ 0.01 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል። 10 ሜትር ቢም ጠዋትና ከሰዓት በ15 ዲግሪ ቢለያይ 1.5 ሚሊሜትር ማለት ነው። ይህ ጉዳት አይደለም፣ ፀሐይ ነው። ንባቡን በተመሳሳይ ሰዓትና ሙቀት አነጻጽሩ።

ለቦታው የማይሆን ሴንሰር መግዛትም አለ። የጨው መለኪያ ለምፅዋ ወይም ለጅቡቲ ወደብ ይሆናል። ደሴ ላይ የሚያሳስበኝ የሚንሸራተተው ተዳፋት ነው። ኮለን ውስጥ ያለ ቴርሞሜትር መሬቱን አያይም፤ ለዚያ የዘመመውን የሚነግር መለኪያ ያስፈልጋል።

ባትሪውን አንዴ ከተቀበረ ማንም አይቀይረውም። በየደቂቃው እንዲለካ ካዘዛችሁት በየሰዓቱ ከሚለካው 60 እጥፍ ይሠራል። ለመጀመሪያው ሳምንት በየግማሽ ሰዓቱ፣ ከዚያ በኋላ በቀን ጥቂት ጊዜ ይበቃል።

በመጨረሻ፣ ንባቡ የማን ስልክ ላይ ነው? ብዙ ጊዜ የአንድ ወጣት መሐንዲስ። ሥራው አልቆ እሱ ወደ ወልዲያ ሲዛወር ንባቡም አብሮት ይሄዳል። የሴንሰሩን ቁጥር፣ የተቀበረበትን አክሲስ (የፕላኑን መስመር) እና ጥልቀት፣ የመጀመሪያውን ቀን ንባብ ፕላኑ ላይ ጻፉና ከቁልፉ ጋር ለባለቤቱ አስረክቡ።