የአዲስ አበባን ዝናብ በፓይተን ኮድ በግልጽ ግራፍ ማሳየት

ግራፍ በኮድ መሥራት የሚማር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ትእዛዞቹን በማጥናት ይጀምራል፤ እኔ ግን ከጥያቄው እንዲነሣ አጥብቄ እመክራለሁ። እዚህ የምንሠራበት ምሳሌ የአዲስ አበባ ዕለታዊ ዝናብ ነው፤ ሠንጠረዡም ቀኑንና በሚሊ ሜትር የተለካውን ዝናብ የሚይዙ ሁለት ዓምዶች ብቻ አሉት። ዝናቡ ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የመስመር ግራፍ ያስፈልገዋል፤ ከወራት ሁሉ የትኛው ይበልጥ ይዘንብበታል ብሎ የሚጠይቅ ግን ጎን ለጎን የሚነጻጸሩ ቁመቶችን ስለሚፈልግ ባር ግራፍ ይሠራል። ለዚህ ጥያቄ ክብ ግራፍ አይመረጥም፤ ምክንያቱም ዊልያም ክሊቭላንድና ሮበርት ማክጊል እ.ኤ.አ. በ1984 በሙከራ እንዳሳዩት ሰው ከአንድ መነሻ የተነሡ ርዝመቶችን የሚያነጻጽረው ማዕዘኖችን ከሚያነጻጽርበት በተሻለ ትክክለኛነት ነው።

መሣሪያዎቹ የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን፣ ሠንጠረዥ የሚያነበው ፓንዳስ እና ግራፉን የሚሥለው ማትፕሎትሊብ ሲሆኑ ሦስቱም በነጻ ይገኛሉ። ፋይሉን በፓንዳስ ሪድ ሲኤስቪ ትእዛዝ ካነበቡ በኋላ ወደ ሥዕሉ ከመሄድዎ በፊት የዝናቡን ዓምድ ትንሹንና ትልቁን ቁጥር ይመልከቱ። ብዙ የአየር ንብረት ፋይሎች ያልተለካን ቀን እንደ -9999 ባለ አሉታዊ ቁጥር ይመዘግባሉ፤ ይህ ቁጥር ሳይወገድ አማካይ ከተሰላ ውጤቱ ትርጉም ያጣል። ያልተለካውን ቀን ዜሮ ብሎ መሙላትም ስሕተት ነው፤ ዜሮ ማለት ተለክቶ ያልዘነበበት ቀን ነውና። ቦታው ባዶ ሆኖ ቢተው ፓንዳስ አማካዩን ሲያሰላ ያልፈዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የወር አቆጣጠር ጉዳይ ብዙ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ፋይሉ በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር የተመዘገበ ከሆነ የጁላይን ድምር ወስዶ «ሐምሌ» ብሎ መሰየም ትክክል አይደለም፤ ሐምሌ 1 የሚውለው ጁላይ 8 ነውና በስያሜው ውስጥ የሰባት ቀን ስሕተት ይገባል። ትክክለኛው መንገድ እያንዳንዱን ዕለት ለብቻው ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መለወጥ ሲሆን ስሌቱም ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። አሥራ ሁለቱ ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀን ስለሆኑ፣ ከመስከረም 1 እስከ ዕለቱ ያለፉትን ቀናት ቆጥረው ለ30 ያካፍሉና ቀሪውን ይተዉት፤ ዜሮ ከወጣ ወሩ መስከረም ነው፣ አንድ ከወጣ ጥቅምት ነው፣ አሥራ ሁለት ከወጣ ጳጉሜን ነው። በእኛ ዘመን መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ግን፣ ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም. እንደሆነው፣ ሴፕቴምበር 12 ይውላል። ኮዱ ይህን ልዩነት እንዲያውቅ የሚጀምረውን የኢትዮጵያ ዓመት ቁጥር ለ4 አካፍሎ ያለ ቀሪ መካፈሉን እንዲፈትሽ ማድረግ ይበቃል።

ወራቱ በትክክል ከተለዩ በኋላም የጳጉሜን ጉዳይ ይቀራል። በየቀኑ 6 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ የነሐሴ ድምር 180 ሲሆን የአምስት ቀኗ ጳጉሜን ግን 30 ብቻ ነው፤ ድምሩን የሚያሳይ ግራፍም ዝናቡ በድንገት ያቆመ ያስመስላል። ስለዚህ በቋሚው ዘንግ ላይ የወሩን ድምር ሳይሆን የቀን አማካዩን ማስቀመጥ ይገባል። በግሩፕባይ ትእዛዝ በወር ከፋፍለው አማካይ የሚያሰላውን ሚን (mean) የሚለውን ትእዛዝ ቢጠቀሙ ይህን ያገኛሉ። የዘንጉም ጽሑፍ «አማካይ ዝናብ በቀን፣ በሚሊ ሜትር» ተብሎ በሙሉ ይጻፍ።

የወራቱን ስም በጽሑፍ ካስገቡ ፓንዳስ በፊደል ቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል፤ ሐምሌ መጀመሪያ፣ መስከረም ሁለተኛ፣ መጋቢት ሦስተኛ ይሆኑና የክረምቱ ቅርጽ ይበታተናል። ይህ እንዳይሆን እስከ መጨረሻው ድረስ ከዜሮ እስከ አሥራ ሁለት ባለው የወር ቁጥር ይሥሩና ስሞቹን ግራፉ ሲሣል ብቻ ይተኩ።

አሁን የአማርኛውን ጽሑፍ እናስተካክል። ማትፕሎትሊብ ሲጫን ይዞት የሚመጣው ዴጃቩ ሳንስ የተባለው ፎንት የግእዝ ፊደል ስለሌለው በወራቱ ስም ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ይታያሉ። ብዙ ተማሪዎች እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጠው ግራፋቸውን በእንግሊዝኛ ሲሰይሙ ማየት ያሳዝነኛል፤ መፍትሔው ሁለት መስመር ኮድ ብቻ ነውና። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የተባለውን ነጻ ፎንት ያውርዱ፤ ፋይሉን ያስቀመጡበትን አድራሻ በፎንት ማኔጀር ሥር ላለው አድፎንት ለተባለው ትእዛዝ ይስጡ፤ ቀጥሎም የማትፕሎትሊብ ማስተካከያዎች በሚቀመጡበት በአርሲ ፓራምስ ውስጥ የፎንት ፋሚሊውን በዚሁ ስም ይተኩ። ከ3.6 ጀምሮ ባሉት የማትፕሎትሊብ እትሞች ሁለት ፎንቶችን በዝርዝር መስጠት ስለሚቻል፣ ከግእዙ ቀጥሎ ዴጃቩን ቢያስገቡ በመጀመሪያው ያልተገኘው ምልክት ከሁለተኛው ይወሰዳል።

ሥዕሉን በሰብፕሎትስ ትእዛዝ ይክፈቱ። ሳይነገረው የሚወስደው 6.4 በ4.8 ኢንች ስፋት ለአሥራ ሦስት የወር ስሞች ስለሚጠብ 10 በ5 ያድርጉት፤ ስሞቹን አጋድሞ መጻፍ አንባቢው አንገቱን እንዲያዘነብል ያስገድደዋል። የባሮቹ መነሻ ዜሮ ይሁን፤ ከ2 ወይም ከ3 ቢነሣ የቁመቶቹ ንጽጽር ሐሰት ይሆናል። ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ያሉትን የክረምት ባሮች ጥቁር ሰማያዊ፣ የቀሩትን ፈዛዛ ግራጫ ያድርጓቸው፤ እንዲህ የጎላ የብርሃን ልዩነት ያላቸው ቀለሞች በጥቁርና ነጭ ሲታተሙም ይለያሉ፣ ቀይና አረንጓዴ መለየት ለሚቸግረው አንባቢም ይታያሉ። የላዩንና የቀኙን የክፈፍ መስመር ስፓይንስ በሚለው በኩል ያጥፉ፤ ጥላና የሦስት ገጽታ ማስጌጫ አይጨምሩ። በርእሱም ቦታ «የወራት የዝናብ መጠን» ከማለት ይልቅ ከራስዎ መረጃ ያገኙትን መልስ ይጻፉ፤ ለምሳሌ ነሐሴ ከወራት ሁሉ ከፍ ብሎ ከታየ ርእሱ ይህንኑ ይናገር። መረጃው የየትኛው ጣቢያና የየትኛው ዘመን እንደሆነም ከሥር በትንሽ ፊደል ይግለጹ።

በመጨረሻ በሴቭፊግ ትእዛዝ ያስቀምጡት፤ ለኅትመት በኢንች 300 ነጥብ ይስጡት፣ ጽሑፉ በጠርዝ እንዳይቆረጥ ደግሞ ቢቦክስ ኢንችስ የሚለውን ታይት ያድርጉት። ፋይሉን ወደ ስልክዎ ልከው ይክፈቱት፤ የወራቱ ስሞች ምስሉን ሳያሳድጉ ካልተነበቡ ወደ ኮዱ ተመልሰው የፊደሉን መጠን ይጨምሩ።